ልጄ የማትሰብረውን ዕቃ ፍለጋ

ወረታ ገበያ ውስጥ ፕላስቲክ የሚሸጡ ነጋዴዎች ያውቁኛል። ስመጣ ሲያዩኝ የሚጠቃቀሱም አሉ። እኔ ዕቃ የምመርጠው እንደ ሰው አይደለማ! መጀመሪያ በሁለት እጄ ይዤ እጎትተዋለሁ፤ ቀጥዬ መሬት ላይ እጥለዋለሁ፤ በመጨረሻ ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር እልና ጠርዙን እነክሰዋለሁ። አንድ ቀን የጎማ ቀለበት ስነክስ ባለሱቁ ደረሰብኝ።

«የኔ እናት፣ ከራበሽ እኮ ማዶ ምግብ ቤት አለ» አለኝ።

«የምትበላው ልጄ ናት» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

ልጄ ዘንድሮ ሰባት ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት። የምትናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ የቀረውን ሁሉ የምትናገረው በሰውነቷ ነው። ደስ ሲላት ትዘላለች፤ ስትዘል ቤቱ አብሯት ይዘላል። ሲጨንቃት ፍራሹና ግድግዳው መሀል ገብታ ራሷን ታጣብቃለች። ስታስብ ታኝካለች፤ የሸሚዝ ኮሌታ፣ የወንበር ጠርዝ፣ አንዳንዴም የአባቷን ቀበቶ። ስትስቅ ደግሞ ከሆዷ ነው። ያን ሳቅ ለመስማት ብዬ ያልሆንኩት ነገር የለም፤ በጉልበቴ ድኼአለሁ፣ እንደ ጥጃ እምቧ ብያለሁ፣ ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ የሚያዳምጠኝ አይኖርም።

ባሕር ዳር ወስደን ያሳየናት ባለሙያ ብዙ አላስጨነቀችንም። «ሰውነቷ የሚጠይቃትን ነገር ቤታችሁ ውስጥ ስጧት» አለችን። «የሚያወዛውዛት፣ የሚጫናት፣ እጇን የምትቀብርበት፣ የምታኝከው ነገር ይኑራት። ብቻ ጠንካራ ይሁን።» እኔና ባለቤቴ የመጨረሻዋን ቃል በቅጡ አልሰማናትም። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፣ እሱ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ጠንካራ ማለት ምን እንደሆነ የምናውቅ መስሎን ነበር።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ሰዎች በስልክ ሲያሳዩ ያየሁትን ክብ መዝለያ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ሲገባ ያየው ሰው ሁሉ ትልቅ የቴሌቪዥን ዲሽ መስሎት «ምን ልታዩበት ነው?» ይለን ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ሞላዎቹ ይፈናጠሩ ጀመር። አንዱ በመስኮት ወጥቶ የጎረቤታችንን ዶሮ ከታቀፈችው እንቁላል ላይ አስነሣት። የፕላስቲክ ፈረስ ገዛን፤ ጠዋት የገባው ፈረስ ከሰዓት በኋላ ጆሮ አልነበረውም። በነፋስ የሚሞላ ትልቅ ኳስ ገዛን፤ የእሱስ ሞት የሰፈር ሞት ነበር፣ ፍንዳታውን ያልሰማ የለም። ባለቤቴ ስብርባሪውን እየጠረገ፣ «ከእንግዲህ ለፎገራ በሬ ታስቦ የተሠራ ካልሆነ አንገዛም» አለ። ገበያ ላይ መንከስ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ሊያስቅ ይችላል። የማያስቀው ክረምቱ ነው።

ቤታችን ከከተማው ዳር ነው፤ ከጓሯችን ቀጥሎ ሜዳው ይጀምራል። ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ይሞላል፣ ሜዳው ውሃ ይለብሳል፣ ሩዙም ከውሃው ውስጥ ብቅ ብቅ ይላል። አምና ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲጀምር ልጄ ከእጄ አመለጠችና በበሩ ወጥታ ጠፋች። ያገኘናት ሩዝ ማሳ ውስጥ ነው። ውሃው ደረቷ ድረስ ደርሷል፤ እሷ ፊቷን ወደ ሰማይ አንጋጣ ትስቃለች። ሩዝ ሲያርሙ የነበሩ አንድ ሰው ተሸክመው አወጡልኝ። እኔ ጭቃው ላይ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዝናብ በመጣ ቁጥር ትሮጣለች። ትልቁ ቦይ ከማሳው ይጠልቃል፤ ርብ ደግሞ ከቦዩ። ይህች ልጅ ውሃ ትወዳለች ብለን ሁላችንም ተስማማን። እንግዲህ ከውሃው የበለጠ የምትወደውን ነገር ቤት ውስጥ ካላገኘንላት፣ አንድ ቀን ማንም ሳይደርስባት ትቀራለች።

ጎረቤቴ ሌላ መፍትሔ ነበራት። ከልቧ የምትወደን ሴት ናት፤ የዶሮዋን ነገር እንኳ አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። «እሰሪያት» አለችኝ። «ዝናቡ እስኪያባራ ብቻ። እኛንም እናቶቻችን ለአረም ሲወርዱ ከምሰሶ ያስሩን ነበር። ሙተናል እንዴ? ከመስጠም መታሰር አይሻልም?» ክፋት አልነበረበትም። እዚህ አገር በአረም ወራት ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው፤ ልጅ የሚጠብቅ ትርፍ እጅ ከየት ይመጣል? እኔ ግን ልጄን አላስርም ብዬ ማልኩ። መማሌንም ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ፤ ነገ ተነሥቼ እንዳልከዳው ብዬ ነው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከቁሐር ሚካኤል መጡ። ገበሬ ናቸው፤ ሩዝ ያመርታሉ፣ ከብት ያረባሉ። የልጅ ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል፤ እሷም ከሰው ሁሉ መርጣ የእሳቸውን ጢም ትዳብሳለች። የዚያን ቀን ግን እኔ ያየሁት ፊታቸውን ሳይሆን ትከሻቸውን ነው። አህያ የሚጫንበት ረጅም የጠፍር ገመድ፣ መጫኛ፣ ተጠቅልሎ ትከሻቸው ላይ ተቀምጧል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ሲባል የሰማሁት ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ራሴ ወጣ።

«ልጄን እንደ አህያ ጭነት ሊጠፍሯት ነው የመጡት?» አልኳቸው፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ። «ይመለሱ! ከነገመድዎ ይመለሱ!» በእኛ ወግ አማት ፊት ድምፅ ከፍ ማድረግ ትልቅ ነውር ነው። እኔ ጮህኩ፤ መንገድ ላይ የነበረ ሰው እስኪቆም ድረስ ጮህኩ።

ሽማግሌው ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። «ኧረ ልጀ» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ሁነሽ ነው? ለዥዋዥዌ እኮ ነው።»

ከኋላቸው አህያዋ ላይ የራሳቸው ጀንዲ ተጭኖ ነበር፤ ከበሬ ቆዳ ተለፍቶ የተሠራ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተኙበት ምንጣፍ። «አባቴም ተኝቶበታል» አሉኝ። «ብትዘልበት፣ ብትነክሰው፣ ብትወዛወዝበት ምንም አይለው። እሷ ቀርታ ልጇን ያወዛውዛል።» እፍረቴን የት ልደብቀው? እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። «ተነሽ እንጅ፤ እናት አይደለሽ?» ብለው ነገሩን እዚያው ዘጉት።

ጀንዲውን በመጫኛው ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ሰቀልነው። ጎተትኩት፤ ፍንክች አላለም። ባለቤቴ ተቀመጠበት፣ አማቴ ተቀመጡበት፣ እኔም ተቀመጥኩበት። መንከሱን ብቻ ተውኩት፤ ጥርሴን እፈልገዋለሁ። በዓለም ላይ ከዚህ የሚጠነክር የመጫወቻ ዕቃ የለም ብዬ ስኮራ ልጃችን መጣች። ልትደርስበት ጥቂት ሲቀራት ቆመች። አፍንጫዋን ያዘች። ከዚያ እዚያው በቆመችበት አስመለሳት።

ለካ አማቴ እንዳይደርቅባት ብለው መጫኛውንም ጀንዲውንም ቅቤ አጠጥተውት ኖሯል። ለጠፍር ደንብ ነው፤ ቅቤ ያልጠጣ ጠፍር ይሰነጠቃል። ለእኛ አፍንጫ የቆዳና የቅቤ ሽታ ያደግንበት ነገር ስለሆነ ልብ አላልነውም። ለእሷ ቤቱ በሙሉ በሬ ሆነባት። ፍራሹ ሥር ገብታ አልወጣም አለች፤ የሰፈሩ ውሾች በበኩላቸው ደጃችን ላይ ተሰብስበው አንሄድም አሉ። አማቴ ጀንዲያቸውን ሲፈቱ እጃቸው ይዘገይ ነበር። «ጠንካራ ነው ብየ» አሉ። እኔም ጠንካራ ነው ብዬ ነበር።

በምትኩ ድንኳን ሰፊ ዘንድ ሄጄ ወፍራም ሸራ በድርብ አሰፋሁና በናይለን ገመድ ሰቀልነው። ጎተትኩት፣ ነከስኩት፣ አሸተትኩት። ይሄኛው ተሳካ። ልጄ ገብታበት ሸራውን ዙሪያዋን ጠቀለለችና ዓይኗን ጨፍና እያዜመች ተወዛወዘች። ያን ዜማ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ወገቤን ይዤ ቆሜ፣ «እንግዲህ ውሃው የሚያደርገውን አያለሁ!» አልኩ።

አየሁ። ሰኔ ገባና የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወረደ። ልጄ ከሸራው ላይ ተወርውራ ወረደች፤ በሩን በርግዳ ወጣች። የደረስኩባት ቦዩ ጠርዝ ላይ ነው። ስይዛት ክንዴን ነከሰችኝ፤ እኔም እያለቀስኩ ተሸክሜአት ተመለስኩ። ነገሩን ያየችው ጎረቤቴ ተከትላኝ ገባች። ከራሷ ጋቢ ቀድዳ፣ አጥባ ያለሰለሰችው ረጅም ጨርቅ ይዛለች። «እጇን እንዳይጎዳት ብየ ነው» አለችኝ። እሷም ታለቅስ ነበር። ተቀበልኳት። ያን ጨርቅ በእጄ ይዤ የፈራሁትን ያህል ቦዩንም አልፈራሁትም፤ ልጠቀምበት እንደምችል አወቅኩት።

እሑድ ቀን ጀንዲውን ልንመልስ ልጃችንን ይዘን ቁሐር ሚካኤል ሄድን። አማቴ የሚኖሩበትን ቤት እንደ ሰው ሁሉ ቆርቆሮ አልብሰውታል፤ እህል የሚያስቀምጡበት ግን የድሮው የሣር ቤት ነው። እዚያ ወለሉ ላይ፣ ሰሌን ተነጥፎ፣ ለዘር የተመረጠ ያልተፈተገ ሩዝ ተቆልሏል። ልጄ አየችው። ጫማዋን አወለቀች፤ ጫማዋን በራሷ ስታወልቅ መቼም አይቻት አላውቅም። ከዚያ ዘላ ገባችበት።

እህል አይረገጥም። እዚህ አገር የወደቀ ፍሬ ተነሥቶ ይሳማል እንጂ እግር አይነካውም። ይህ ደግሞ ዘር ነው፤ የከርሞ ጉሮሮ። አማቴ መንገድ ላይ የወደቀች አንዲት ፍሬ አንስተው ኪሳቸው የሚከቱ ሰው ናቸው። እኔ ላወጣት ስንደረደር ክንዴን ያዙኝ።

«ተያት» አሉ።

«አባባ፣ ዘር እኮ ነው!»

«ዘር መሆኑን ለኔ ትነግሪኛለሽ? እህል የሚቆጣው የናቀውን ነው። ይች መች ናቀችው? እስቲ እያት።»

አየኋት። ሩዙን እስከ ወገቧ ለብሳ፣ እጇን እስከ ክርኗ ቀብራ፣ ጸጥ ብላለች። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከእሷ የማገኘው ስትተኛ ብቻ ነው። አማቴ አጠገቧ ተንበርክከው በመዳፋቸው ሩዝ እየዘገኑ ትከሻዋ ላይ ያፈሱላታል፤ እሷም ጢማቸውን ይዛለች።

ያኔ ዝናቡ መጣ። ዘልዬ በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፣ እንደ ግብ ጠባቂ። አልሮጠችም። ቀና እንኳ አላለችም። ዝናቡ እየበረታ ሄደ፤ ውጭ ጎርፉ ግቢውን አቋርጦ ይወርዳል፤ እሷ ሩዟን ትዘግናለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ግራ ገባኝ። ውሃው እዚሁ ደጃፉ ላይ ነው፤ ለምን አትሮጥም? ወደ ላይ አየሁ። ዝናቡ ሣሩ ላይ ያርፋል፣ ሣሩም ይጠጣዋል። ቤቱ ውስጥ ድምፅ የለም።

የእኛ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ዝናብ ሲመታው እኔና ባለቤቴ የምናወራው እየተጯጯህን ነው። የጀንዲ ሽታ ያስመለሳት ልጅ ያ ድምፅ ምን ያደርጋት ይሆን? ልጄ ወደ ውሃው አልነበረም የምትሮጠው፤ ከቤታችን ነበር የምትሸሸው። ሜዳው ላይ ዝናብ አይጮኽም። እኛ ይህን ሁሉ ጊዜ ከውሃ የሚበልጥ መጫወቻ እንፈልጋለን፤ እሷ ደግሞ ከጣሪያችን ታመልጣለች።

«ከቆርቆሮው ነው የምትሸሸው» አልኩ። ለባለቤቴ ነበር የተናገርኩት፤ ድምፄ ግን ከእንባዬ ጋር ተደባልቆ ደግሜ መናገር ነበረብኝ።

ባለቤቴ ኮርኒስ እናሠራ አለ። በሰኔ አናጢ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም ማሳው ላይ ነው። አማቴ ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያ ቆርቆሮውን ገለባ እናልብሰው» አሉ። ባለቤቴ የቀለዱ መስሎት ሳቀ። በማግሥቱ ለከብቶቻቸው ካስቀመጡት የሩዝ ገለባ በጋሪ አስጭነው መጡ። አባትና ልጅ ጣሪያው ላይ ወጥተው ገለባውን ወፈር አድርገው ደለደሉት፤ ነፋስ እንዳይወስደው በሽቦ ወጠሩት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! መንገደኛው ሁሉ አንጋጦ ያልፋል። ሰው ከሣር ቤት ወደ ቆርቆሮ ቤት ይወጣል እንጂ ቆርቆሮውን መልሶ ገለባ ሲያለብስ ማን አይቶ ያውቃል? አንዱ ቆም ብሎ፣ «መምህርት፣ ቤቱ በረደው እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ ጋቢ ገዛንለት» አልኩት።

ጋሪው በሁለተኛው ዙር ሲመጣ ደግሞ የላሞቻቸውን ገንዳ ይዞ መጣ። ከዋንዛ ግንድ የተቦረቦረ ነው፤ ጨው ሲልሱበት የኖሩት ከብቶች በምላሳቸው አለስልሰውታል፣ ስንጥር የሚባል የለውም። ልጎትተው ሞከርኩ፤ እኔ ተጎተትኩ። ነከስኩት፤ ጨው ጨው አለኝ። በፈላ ውሃ አጥበን ፀሐይ ላይ አዋልነው። አሁን ብልሆች ስለሆንን ከሁሉ በፊት እሷ እንድታሸተው አደረግን። አሸተተች። ላሰች። እንደገና ላሰች። ባለቤቴ፣ «እንኳን ደስ ያለን፣ የበሬ ዕቃ አገኘንላት» አለ። አማቴ ከሚበሉት ሩዝ ላይ ቀንሰው፣ አቧራው እንዳያስላት ደጋግመው አበጥረው ገንዳውን ሞሉላት። «ግቢ የኔ ዓለም» አሉና እጇን ይዘው አስገቧት።

እኔ ጠንካራ ዕቃ ፍለጋ ስንከራተት የኖርኩ ሰው፣ አሁን ተስፋዬን የጣልኩት ክረምት በወጣ ቁጥር በሚበሰብስ ገለባ ላይ ነው። በየዓመቱ መቀየሩ አይቀርም። ይቀየራ!

ሐምሌ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በጣራ ገዳም ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። አማቴ እኛ ዘንድ ነበሩ። ጎረቤቴ ደግሞ ጨው ልትበደር መጥታ ወሬ ይዟት ቁጭ ብላለች። ልጄ ገንዳዋ ውስጥ ናት። ባለቤቴ ከቦዩ ቀን ወዲህ እንደለመደው በሩን ሊቆልፍ ተነሣ።

«ተወው» አልኩት። «ክፍት ይሁን።»

«አብደሻል?» አለኝ።

አላበድኩም፤ ፈርቼ ግን ነበር። በሩ ተቆልፎ ብትቀመጥ ምን እናውቃለን? በቁልፍ የምትቀመጥ ከሆነ ያው ታሰረች ማለት ነው፤ በጨርቅ ይሁን በብረት ምን ለየው? ባለቤቴ ብትሮጥ ሊይዛት ወጥቶ ወደ ሜዳው በሚያስወጣው የጓሮ በር ላይ ቆመ፤ እኔ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ዝናቡ ሜዳውን እየሸፈነ መጣ፣ መጣ፣ ቤታችን ላይ ደረሰ።

ልጄ ቀና አለች። እጇን ከሩዙ አውጥታ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ያዘች። ጣሪያው ላይ የሚሰማው ድፍን ያለ፣ የራቀ ድምፅ ነው፤ ያም ሆኖ እጇን ከጆሮዋ ላይ አላነሣችም። ቆየች። ከዚያ አንዱን አነሣች፣ አዳመጠች። ሌላውንም አነሣች።

ከገንዳው ወጣች። ጎረቤቴ «ማርያም ማርያም» ማለት ጀመረች። አማቴ ከተቀመጡበት ሊነሡ ሲሉ በዓይኔ ለመንኳቸው፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ልጄ እግሯ ላይ የተጣበቀውን ሩዝ እያራገፈች ቀጥ ብላ ወደ በሩ ሄደች። አጠገቤ አለፈች፤ ብዘረጋ እጄ ይደርስባት ነበር። አልዘረጋሁም። ደፍ ላይ ቆመች። ሜዳውን አየችው። ነፋሱ ዝናቡን እግሯ ላይ ረጨው።

በሁለት እጇ በሩን ይዛ ጎተተችና ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ተመልሳ ገንዳዋ ውስጥ ገባች።

አማቴ፣ «አያችሁ ይችን ልጅ!» አሉ። «ልጀን እኮ ውጭ ዘጋችበት!» እውነትም ባለቤቴ ጓሮ ዝናብ ላይ ነበር። እኔ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ የቱን እንደማደርግ አላውቅም። በጎረቤቴ ቤት እሳት ላይ የተጣደ ወጥ ነበር፤ ባለቤቴም ዝናብ እየወረደበት በመስኮቱ አሻግሮ ያየናል። እስኪያባራ ድረስ ግን ያን በር ለመክፈት የደፈረ ሰው አልነበረም።